የከተማው በጀት 350 ቢሊዮን ገባ፣ የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ለምን ግማሽ ላይ ቀረ?

አራብሳ_ነዋሪ፦

ሰላም የዳርቻ ሰዎች፣ በቀጥታ ልጠይቅ። የአዲስ አበባ በጀት በ2016 140 ቢሊዮን ብር ነበር፣ በ2017 230 ቢሊዮን ሆነ፣ የ2018ቱ ደሞ 350 ቢሊዮን። በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው አይደል? ታዲያ እኛ ቦሌ አራብሳ ከአስፋልቱ ወደ ብሎኮቹ የሚያስገባው ኮብልስቶን ምን ነክቶት ነው ግማሽ ላይ የቆመው? ድንጋዩ ዳር ላይ እንደተቆለለ ሳር በቅሎበታል፣ የዲቹ (የጎርፍ መውረጃው ቦይ) ክዳን ስላልተገጠመ ክረምት ላይ ህጻን ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት መላክ አይታሰብም። ወረዳ ስትጠይቅ "ከላይ ነው" ይሉሃል። ከላይ ማለት ማን ነው? ክፍለ ከተማ? ማዘጋጃ? ፌዴራል? እግዜር?

ዜና ላይ ተጨማሪ በጀት፣ አይኤምኤፍ፣ ሪፎርም ምናምን ሲባል እኔ ቻናል ነበር የምቀይረው፣ አሁን ግን ያ ወሬ እኛ በር ላይ ካለው ክምር ድንጋይ ጋር ይገናኛል የሚል ጥርጣሬ ገብቶኛል። የገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ፣ ፖለቲካውን ትታችሁ ሂሳቡን።

ነገሩ_ግልጽ፦

ምን ሂሳብ አለው ወንድሜ የኮሪደር ልማቱ በላው በቃ። መሃል ከተማ መብራትና ፋውንቴን አንተ ጋ ጭቃ። ደሞ ድንጋይ በዶላር ነው እንዴ የሚገዛው? አይኤምኤፍን ምን አመጣው እዚህ

ሳይት_ላይ፦

ድንጋዩ በዶላር አይገዛም፣ ልክ ነህ፣ ግን ድንጋዩ በእግሩ አይመጣም። ከካባው በሲኖ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ሲኖው ናፍጣ ይጠጣል፣ ጎማውና መለዋወጫው ከውጭ ነው፣ ሮለሩም ሎደሩም እንደዛው። እኔ የመንገድ ሥራ ላይ ነኝ፣ ከጠራቢዎቹ ጉልበት ቀጥሎ ኪስ የሚያራግፈው ማጓጓዣው ነው፣ ሳይቱ በራቀ ቁጥር ደሞ ይብሳል።

አሁን ቁጥሩን እይ። ናፍጣ ከሐምሌ 2014 በፊት በሊትር 35 ብር ከምናምን ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 2014 ድጎማው መነሳት ሲጀምር 49.02 ሆነ፣ ጥር 2017 ላይ 98.98 ገባ። ይሄን ዋጋ የሚቆርጠው ከተማው አይደለም፣ የፌዴራሉ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። የከተማው ካቢኔ ተሰብስቦ ቢያድር አንድ ሳንቲም መቀነስ አይችልም።

ሌላው የብሩ ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ተብሎ ሰኔ መጨረሻ ላይ ፀደቀ፣ የከተማው 230 ቢሊዮንም በዛው ሰሞን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ጠዋት ስንነሳ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቆታል። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ማለትም ሁለቱም በጀቶች የፀደቁት ዶላሩ 57 እያለ ነው፣ ሥራ ላይ የዋሉት ግን ሌላ ዋጋ ላይ ነው። ፌዴራሉ ምን አደረገ? ህዳር ላይ 582 ቢሊዮን ተጨማሪ በጀት አስፀደቀ፣ ከኋላው የአይኤምኤፍ የአራት ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር አለ፣ የዓለም ባንክም አለ። ከተማውስ? ክልሎች በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ድጎማ ይታደላቸዋል፣ ድሬዳዋም ትደርሳታለች፣ አዲስ አበባ ግን እዛ ቀመር ውስጥ የለችም፣ ባብዛኛው በራሷ ግብር ነው የምትኖረው። ስለዚ ፌዴራሉ ዋጋውን ሲያናጋው ድንጋጤው እኩል ይደርሳታል፣ ማስታገሻውን ግን ራሷ ከግብር ከፋዩ ነው የምትፈልገው። ግብር ከፋዩ ደሞ አንተና እኔ ነን።

የሰፈራችሁን ሥራ የያዘው የወጣቶች ማህበር ከሆነ ብዙ ጊዜ አጭር ውል ነው፣ አጭር ውል ላይ የዋጋ ማስተካከያ ባብዛኛው የለም። ልጆቹ በድሮ ዋጋ ፈርመው በአዲስ ዋጋ ሲኖ መከራየት ሲያቅታቸው ጥለው ይሄዳሉ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልከለከለም፣ ሥራው ግን ይቆማል። ይሄን ብዙ ቦታ አይቻለሁ።

ነገሩ_ግልጽ፦

"ማንም አልሰረቀም" 😂😂 እሺ ኢንጂነር

አራብሳ_ነዋሪ፦

ሳይት_ላይ አመሰግናለሁ፣ አሁን አንድ ነገር ገባኝ። ግን እኮ ከ230 ወደ 350 ጨምሯል፣ ጭማሪው ቢያንስ የዋጋውን ንረት አይሸፍነውም እንዴ? የቀረው የት ገባ?

ሂሳብ_ክፍል፦

እኔ ወረዳ ፋይናንስ ነው የምሠራው፣ የትኛው ወረዳ እንደሆነ አትጠይቁኝ እንጀራዬ ነው። የቀረው የት እንደገባ ትንሽ ልንገራችሁ።

በጀት ሲባል ሰው አንድ ከረጢት ይመስለዋል። መደበኛ አለ ካፒታል አለ። መደበኛው ደሞዝ፣ የትምህርት ቤት ምገባ፣ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ጽህፈት መሣሪያ ነው። ካፒታሉ የእናንተ ድንጋይ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደሞዝ አይቆምም፣ የልጆች ምገባ አይቆምም (እንዳይቆምም እፈልጋለሁ፣ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ አይቻለሁ)። የሚቆመው ካፒታል ነው፣ ካፒታል ውስጥ ደሞ ሪባን የማይቆረጥበት ትንሹ ሥራ።

ደሞዙን በተመለከተ፣ ውሳኔው ከፌዴራል ነው የሚመጣው። ጥቅምት 2017 ላይ ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሄደ። ከዛ ነሐሴ 2017 ላይ ሌላ ጭማሪ ተነገረ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500። ደስ ይላል፣ እልል ብለናል። ግን መምህሩን፣ ነርሱን፣ ደንብ አስከባሪውን፣ እኔን የሚከፍለን ከተማው ነው። ከላይ የተወሰነ እያንዳንዱ ጭማሪ እዚህ ታች በሠራተኛው ቁጥር ተባዝቶ ነው የሚመጣው፣ ጭማሪው ደሞ የአንድ ጊዜ አይደለም በየወሩ ነው። 350 ቢሊዮን ሲባል ያንን ቁጭ አድርጋችሁ አስቡት።

ነገሩ_ግልጽ፦

አሃ ስለዚ የኛን ድንጋይ እናንተ በላችሁት 😅 11,500 እየተከፈላችሁ

ሂሳብ_ክፍል፦

ና ስሊፑን ላሳይህ እንግዲህ። 11,500 ይባላል አይደል። በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ጥሩ ነው። ከዛ ግን 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይወጣል፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ነው። 11,500 ላይ ግብሩ 2,100 ይመጣል፣ ጡረታ 7 በመቶ 805፣ እጅህ ላይ የሚደርሰው 8,595። በድሮው 6,940 ላይ 5,284 ነበር የሚደርሰው። ልዩነቱ 3,300 አካባቢ። አሁን ከዳርቻ ወደ መሃል በቀን ሁለት ሁለት ታክሲ ለሚይዝ ሰው፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ደሞ ለሁለቱም፣ ያ ልዩነት ስንት ሳምንት እንደሚቆይ አንተው አስላው። የበላሁት ድንጋይ ይሄ ነው ወንድሜ።

ሾፌር_ነኝ፦

ታክሲ ስለተነሳ ልግባ። ሁሌም የሚሰደበው ሾፌር ስለሆነ አንድ ቀን እንኳን ስሙን

እኔ አያት አራብሳ ነው የምሠራው። ሰው የማያየው ነገር አለ፣ መሃል ከተማ የሚሠራ ታክሲ ሲሄድም ሲመለስም ይሞላል፣ ሜክሲኮ ወርዶ ሜክሲኮ ይጭናል። ዳርቻ ላይ ግን ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሰው በሙሉ ወደ መሃል ነው የሚሄደው፣ ተጠቅጥቆ ትሄዳለህ ባዶህን ትመለሳለህ፣ ማታ ደሞ ተገላቢጦሽ። ስለዚ ታሪፉ በኪሎሜትር ለአንድ ጉዞ የተሠራ ነው ነዳጁ ግን የሁለት ጉዞ ነው። ነዳጅ 36 ብር እያለ ባዶ መመለሱን ትችለዋለህ፣ ቤንዚን 100 ሲያልፍ (ጥር 2017 ላይ 101.47 ነበር) ባዶ መመለስ ማለት የቀን ገቢህን አስፋልት ላይ ማፍሰስ ነው። ለዛ ነው መስመሩ የሚቆራረጠው። መቆራረጥ ትክክል ነው አላልኩም፣ ከየት እንደመጣ ነው የምናገረው።

ሐምሌ 2014 ላይ ለሕዝብ ትራንስፖርት በቴሌብር የታለመ ድጎማ ሲባል እኛም ተመዝግበን ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ይታይ ነበር፣ ከዛ በየጊዜው ዋጋው ሲስተካከል እየሳሳ እየሳሳ ሄደ። ነዳጁ ከላይ በአንድ ሌሊት ይጨምራል፣ ማታ ዜና ላይ ትሰማለህ ጠዋት በአዲሱ ትቀዳለህ። ታሪፉ ግን ከከተማው ነው፣ ጥናት ስብሰባ ምናምን ተብሎ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በዛ መሃል ያሉት ሳምንታት ላይ ነው ሰውና ሾፌር የሚጣላው። ረዳቴ በዛ ሰሞን የሰማውን ስድብ ብነግራችሁ

ታፔላ (የመስመር ሰሌዳው) ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ጓደኞቼ መሃል ያለ መስመር ታፔላ እስኪያገኙ ነው እዚህ የሚሠሩት። እኔ ቤቴ እዚህ ስለሆነ ነው የቆየሁት።

አባዶ_እማማ፦

ልጄ ሾፌር፣ እግዜር ይስጥህ፣ የተናገርከው እውነት ነው። እኔ ጡረተኛ ነኝ የካ አባዶ ነው ያለሁት ልጄ ነው ስልኩን የሚያስተካክልልኝ። ከታክሲው ይልቅ እኔን የገረመኝ የመብራቱ ነው። ምጣድ በሳምንት ሁለቴ አነሳለሁ ለጎረቤትም እጋግራለሁ ትንሽ እሸቅላለሁ። አሁን ቆጣሪው ሲሞላ ቶሎ ያልቃል። ቫት ገብቶበታል አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

ሂሳብ_ክፍል፦

እማማ እኔ ልመልስልዎ። ሁለት ነገር ነው የተደራረበብዎት። አንደኛ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲጨምር ተወስኗል፣ ሁለተኛ በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ቫት የለውም፣ ከዛ ካለፈ 15 በመቶ አለው። ለራስዎ ብቻ ቢጋግሩ ምናልባት ከ200 በታች ይሆኑ ነበር፣ ለጎረቤት ሲጋግሩ ያልፋሉ። ምጣዱ ነው የሚያሳልፈው፣ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ብዙም አይደሉም። በአንድ ቀን ጠቅልለው ቢጋግሩ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ስለሚቀጥል ትንሽ ይቀንሳል።

አባዶ_እማማ፦

ተባረኪ ልጄ። እና ለጎረቤት የምጋግረው ላይ ልጨምርባቸው ነው ማለት ነው። ያሳዝኑኛል እኮ።

ሳይት_ላይ፦

እማማ ያሉት ነገር እኮ ነው ዋናው። ከላይ የተነካ ዋጋ በእማማ እጅ በኩል ነው ጎረቤት ቤት የሚገባው።

ኮዬ_ሰፈር፦

እናንተ ቢያንስ ከላይ ያለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኮዬ ፈጬ ላይ ያለነው ሰዎች ሁለት ላይ አለን። ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው በአዲስ አበባ አስተዳደር ነው፣ ገንዘቡም ንግድ ባንክ ነው ያለው። ነሐሴ 2014 ላይ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መሃል ወሰን ሲሰመር ወደ ኦሮሚያ ሆንን፣ በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት ደሞ የሱ ክፍለ ከተማ ሆንን። ለኛ የፌዴራል በጀት ማለት ለኦሮሚያ የሚሄደው ድጎማ ነው፣ ከዛ ክልሉ ለከተማው፣ ከተማው ለክፍለ ከተማው። እናንተ ጋ ያለው የ350 ቢሊዮን ወሬ እኛን አይመለከተንም፣ የምንሠራው ግን አዲስ አበባ ነው፣ የምንሳፈረው የአዲስ አበባ ታክሲ ነው፣ ታሪፉ ሲጨምር እኛም እንጨምራለን።

መንገዳችን ላይ አንድ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ጉዳዩን ለማን እንደምናመለክት እስክናውቅ ድረስ ስንት ሻማ እንደነደደ

ነገሩ_ግልጽ፦

ኮዬ ጉዳይ ከተነሳ ክሩ ሊዘጋ ነው 🏃

አወያይ፦

ክሩ አይዘጋም፣ ስለ ወሰኑ ራሱ ክርክር የምትፈልጉ ሌላ ክር ክፈቱ። እዚህ ስለ በጀትና ስለ አገልግሎት ብቻ። ነገሩ_ግልጽ አንተም ቀስ በል።

ለገዳዲ_ቅርብ፦

ውሃ አልተነሳም። እኛ ከለገዳዲ ግድብ ያለን ርቀት ለጉድ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለኛ ነው። የመስመር ማስፋፊያ ጥያቄ ስናቀርብ የሚሰጠን ምክንያት የፓምፕና የቱቦ ዕቃ ከውጭ ነው ዋጋው ተቀይሯል ጨረታው እንደገና ይወጣል የሚል ነው። ይሄ ለኔ ግማሹ እውነት ነው። ፓምፑ ከውጭ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ዶላሩ ከመለቀቁ በፊትስ? ያኔ ደሞ "ዶላር የለም፣ ኤልሲ (ለአስመጪ የሚሰጥ የባንክ ዋስትና) አልተከፈተም" ነበር የሚባለው። ዶላር ሲጠፋም ሲገኝም እኛ ጋ ውሃ የለም።

አራብሳ_ነዋሪ፦

ለገዳዲ_ቅርብ ያልከው ላይ ትንሽ ልቆም። እኔም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ማብራሪያው ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ ለታች ሰዎች ማምለጫ እየሆነ ነው። ማንኛውንም ነገር "ሪፎርሙ ነው" ካልከው ማንም አይጠየቅም።

ሂሳብ_ክፍል፦

በዚህ እስማማለሁ፣ ከውስጥ ሆኜ ነው የምለው። "ከላይ ነው" የሚለው መልስ ግማሹን ጊዜ እውነት ነው፣ ግማሹን ጊዜ ፋይሉን ላለመክፈት ነው። መለየት የሚቻለው ወረቀት በመጠየቅ ብቻ ነው።

ብድር_ፈላጊ፦

አንድ ሰው ያልጠቀሰው ነገር፣ ባንክ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ አደረገ፣ በኋላ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ለዋጋ ግሽበቱ ሊጠቅም ይችላል፣ አልከራከርም። ግን ባንክ ብድር ሲያጥረው ለማን ነው የሚከለክለው? ለትልቁ አስመጪ አይደለም። ለትንሿ ኮንትራክተር፣ ለብሎኬት አምራች፣ ለቤት ሠሪ ማህበር ነው። እኛ ብሎኬት ማምረቻ ነበረን ገላን አካባቢ፣ ሲሚንቶ ለመግዛት ኦቨርድራፍት ሲከለከል ማሽኑን አከራይተን ወጣን። የመንግሥት ክፍያ ሲዘገይ በባንክ ብድር ነበር ሰው የሚሻገረው፣ ሁለቱም አብረው ሲጠፉ ሥራው ይቆማል። ምናልባት የአራብሳ ልጆችም እንደዛ ነው የሆኑት።

ሳይት_ላይ፦

በትክክል። ፔይመንት ዘግይቶ ብድርም የለም ማለት ሞት ነው።

ጤና_ጣቢያ_አካባቢ፦

ከላይ ስትሉ ከአራት ኪሎ በላይም ከላይ አለ። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም በዛ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ ወደ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እኛ ጋ የኤችአይቪ ታካሚዎችን ቤት ለቤት የምትከታተል ልጅ ነበረች፣ ሁሉንም በስም ታውቃቸው ነበር፣ መድኃኒት ያቋረጠውን ፈልጋ ታመጣው ነበር። መድኃኒቱ አሁንም አለ፣ እሷ ናት የሌለችው። ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት እዚህ ጭቃ ሰፈር ድረስ ሲደርስ እንዲህ ነው የሚመስለው።

ነገሩ_ግልጽ፦

ይሄን አላውቅም ነበር። ከባድ ነው

ሱቅ_ጠባቂ፦

በኛም በኩል አንድ ልበል አጭር ነው። የግብር ከፋይ ደረጃ ሐ ቀርቶ ሀ እና ለ ብቻ ሆኗል፣ ዓመታዊ ሽያጭህ ከ2 ሚሊዮን ካለፈ ሀ ነህ መዝገብ ያዝ ነው። ዋጋ ንሮ ዘይትና ስኳር ብቻ ሸጠህ 2 ሚሊዮን ታልፋለህ እኮ፣ ትርፉ ግን ያው ነው። ከተማው 350 ቢሊዮን ከየት እንደሚያመጣ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከኔ ሱቅ ነው። ደሞ የንብረት ታክሱ አዋጅ ጥር 2017 ላይ በፓርላማ ፀድቋል፣ የጣሪያና ግድግዳው ከ1968 ጀምሮ የነበረ ነው እሱም በ2015 ተከልሶ ከፍ ብሏል። ከፍዬ አላማርርም፣ ግን በሬ ላይ ያለው ድንጋይ ይነጠፍ።

አራብሳ_ነዋሪ፦

እሺ። ሂሳብ_ክፍል፣ ወረቀት ጠይቁ ያልሽው ምን ዓይነት ወረቀት ነው? ማለትም ወረዳ ሄጄ ምን ብዬ ልጠይቅ "ከላይ ነው" እንዳይሉኝ?

ሂሳብ_ክፍል፦

"መንገዱ መቼ ያልቃል" ብለህ አትጠይቅ፣ ለሱ የተዘጋጀ መልስ አለ። ይሄን ጠይቅ፦ ሥራው በየትኛው ዓመት በጀት ተያዘ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ተከፈለ፣ ውሉ ተቋርጧል ወይስ ቆሟል። ውሉ ቆሞ ብቻ ከሆነ ቀሪው ብር በስም ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ተቋርጦ ከሆነ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። የፊዚካልና የፋይናንስ አፈጻጸም ሪፖርት የሚባል አለ፣ በየሩብ ዓመቱ ይሠራል፣ እሱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ፊዚካሉ (የተሠራው) 50 በመቶ ፋይናንሱ (የተከፈለው) 80 በመቶ ካለ ያኔ ነው ነገሩ_ግልጽን የምትጠሩት 😊

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ግማሽ ዓመቱ ሲገመገም፣ ጥር የካቲት አካባቢ፣ ያልተሠራበት ብር ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ይዛወራል። ከዛ በፊት የነዋሪ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ካለ ከዝርዝሩ ለማውጣት ይከብዳል። ግንቦት ላይ ብትሄድ ግን በጀት ተዘግቷል ነው የምትባለው፣ ያኔ ደሞ እውነት ነው የሚሉህ።

ሳይት_ላይ፦

ደብዳቤው ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ድንጋዩ ቀርቧል ብላችሁ ጻፉ፣ በሜትር ኩብ ለኩትና ፎቶ አያይዙ። ማጓጓዣው የተከፈለበት ዕቃ ሳይት ላይ ካለ ቀሪው ጉልበትና አሸዋ ነው፣ እንደ አዲስ ሥራ በአዲስ ዋጋ አይታይም። አለዚያ እንደገና ጨረታ ይወጣና በዛሬ ናፍጣ ይሰላል። ድንጋዩንም ጠብቁት፣ ማታ ማታ በባጃጅ እየተጫነ ለግል አጥር እንደሚሄድ የማውቀው ነው።

አራብሳ_ነዋሪ፦

ሄዷል እኮ የተወሰነው 🤦 የማን አጥር ላይ እንዳለም እናውቃለን። እሺ የብሎክ ኮሚቴዎቹን አነጋግሬ እሁድ ፊርማ እንጀምራለን። ሜትር የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ።

ሾፌር_ነኝ፦

እሁድ ከሆነ ጠዋት አድርጉት፣ ከ4 ሰዓት በኋላ የእሁድ ገበያው መንገዱን ስለሚዘጋው መኪና አያስገባም። እኔ ፊርማውን ታክሲ ውስጥም ማዞር እችላለሁ ሰልፍ ላይ ሰው ሥራ ፈት ነው።

አባዶ_እማማ፦

የአባዶን ሰው አይመለከትም ልጆቼ? የኛም ዲች ክፍት ነው።

ሂሳብ_ክፍል፦

እማማ የእርስዎ በሌላ ደብዳቤ ነው የሚሻለው፣ ሁለት ሰፈር አንድ ወረቀት ላይ ከሆነ ወደ ክፍለ ከተማ ይመሩትና እዛ ይተኛል። ጽሑፉን እኔ አዘጋጅልዎታለሁ፣ ልጅዎን በውስጥ መስመር ያናግሩኝ ይበሉት።

ነገሩ_ግልጽ፦

እኔንም ጻፉኝ ሰሚት ነኝ ግን እህቴ አራብሳ ናት። የኮሪደሩን ነገር ግን አልተውኩትም፣ የዚህ ሰፈር ካፒታል በጀት ወደዛ ዞሮ እንደሆነ ያን ሪፖርት ስታገኙ እዚህ ለጥፉት፣ ስክሪንሾቱን እፈልጋለሁ

አራብሳ_ነዋሪ፦

ካገኘሁ እለጥፋለሁ። ካልሰጡኝም አልሰጡኝም ብዬ እለጥፋለሁ።